ስለ ሙዚየም ስብስቦችና ስለ ባለሙያዎች የኢንተርኔት ትብብር፦ ከጅማ የቀረበ ጥያቄና መልስ

በጅማ በቅርስ ምዝገባና እንክብካቤ ሥራ ላይ እገኛለሁ። የሙዚየም ባልደረቦች፣ መምህራንና ቅርስ በቤታቸው ያቆዩ ሰዎች፣ ከሌላው ዓለም ባለሙያ ጋር በኢንተርኔት እንዴት መገናኘት እንደሚቻልና ምን ማግኘት እንደሚቻል የጠየቁኝን ሰብስቤ ከዚህ በታች እመልሳለሁ። ተመሳሳይ የሆኑትን አጣምሬአቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ በጀት የለንም። ያለ ክፍያ የሚገኝ ጠቃሚ ነገር አለ?

መልስ፦ አለ፤ እንዲያውም ከምናነበው በላይ ነው። የካናዳ የቅርስ እንክብካቤ ተቋም ስለ እንጨት፣ ስለ ቆዳ፣ ስለ ብረትና ስለ ጨርቅ ለየብቻ ያዘጋጃቸው አጫጭር መመሪያዎች በነጻ ይነበባሉ። ዋና ጽሕፈት ቤቱ በሮም የሆነው ዓለም አቀፉ የቅርስ እንክብካቤ ማዕከል፣ ኢክሮም፣ ከዩኔስኮ ጋር ያዘጋጀው «ሪ-ኦርግ» የተባለው ዘዴ ደግሞ ዕቃ ቤታቸው ለተጨናነቀባቸውና ገንዘብ ለሌላቸው ትናንሽ ሙዚየሞች የታሰበ ስለሆነ፣ ለእኛ ከሁሉም ይቀርባል ብዬ አምናለሁ። የእንግሊዞቹ «ስፔክትረም» የሚባለው የስብስብ አያያዝ መመሪያ 21 የሥራ ሂደቶች አሉት፤ ከእነዚህ ዋና ዋናዎቹ 9 ናቸው። ሀያ አንዱንም በአንድ ዓመት እንተገብራለን ብሎ የሚነሣ ሙዚየም አንዱንም ሳይጨርስ ይቀራልና፣ በሚገቡ ዕቃዎች ምዝገባ፣ ዕቃው የተቀመጠበትን ቦታ በመቆጣጠርና በቆጠራ መጀመር ይበቃል።

ጥያቄ፦ ጅሬን ነው የምኖረው። አያቴ ይቀመጡበት የነበረው በርጩማ እግሩ ላይ ትናንሽ ቀዳዳዎች ወጥተዋል፤ ከሥሩም ዱቄት አየሁ። ለውጭ ባለሙያ ፎቶ ልኬ ልጠይቅ ወይስ ጋዝ ልቀባው?

መልስ፦ ጋዝም ቫርኒሽም እንዳይቀቡት አደራ እላለሁ፤ የተቀባውን መልሶ ማንሣት ከባድ ነው። አስቀድመው ዱቄቱን በለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉና በርጩማውን በጥቁር ወረቀት ላይ ያስቀምጡት። ከጥቂት ቀናት በኋላ አዲስ ዱቄት ወረቀቱ ላይ ከታየ እንጨቱን የሚበላው ተባይ በሕይወት ሊኖር ይችላል፤ ምንም ካልታየ ቀዳዳው የቆየ ሊሆን ስለሚችል ክትትሉን ይቀጥሉ። እስከዚያው ድረስ ከሌሎች የእንጨት ዕቃዎች ለይተው በላስቲክ ጠቅልለው ያቆዩት። ከዚያ በቀን ብርሃን ከየአቅጣጫው ፎቶ ያንሡ፤ ቀዳዳውንም ማስመሪያ አጠገቡ አድርገው በቅርበት ያንሡት። የቀዳዳው ስፋት ተባዩን ለመለየት ስለሚረዳ፣ ማስመሪያ የሌለበት ፎቶ ሲላክ ባለሙያው የሚመልሰው ሌላ ጥያቄ ነው። ምናልባት «ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስገቡት» የሚል ምክር ይደርስዎታል። ይህ የታወቀ ዘዴ ነው፤ ዕቃው በላስቲክ በደንብ ታሽጎ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ገደማ በሚደርስ ቅዝቃዜ ለሁለት ሳምንት ያህል ይቆያል፤ ከወጣም በኋላ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ድረስ ላስቲኩ አይፈታም፤ አለዚያ ጤዛው እንጨቱ ላይ ያርፋል። ቀለም የተቀባ ወይም ሌላ ነገር የተለበጠበት ከሆነ ግን ሳይጠይቁ አያድርጉት።

ጥያቄ፦ አንድ ዕቃ በኢንተርኔት ስንገልጽ ምን ምን መጻፍ አለብን?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ1997 ይፋ የሆነው «ኦብጀክት አይዲ» የተባለው የዕቃ መግለጫ መመሪያ የተሰረቁ ቅርሶችን ለመለየት የተዘጋጀ ሲሆን፣ ፖሊስም ሙዚየምም ይጠቀምበታል። የዕቃውን ዓይነት፣ የተሠራበትን ነገርና አሠራሩን፣ ልኩን፣ ያለበትን ጽሑፍ፣ ልዩ ምልክቱን፣ ዘመኑንና ሠሪውን ይጠይቃል። ከሁሉ የሚበልጠው ልዩ ምልክቱ ነው። ሁለት በርጩማዎች በቁመትና በእንጨት ዓይነት ሊመሳሰሉ ይችላሉ፤ በግራ እግሩ ላይ ያለው ስንጥቅና የተጠገነበት ሽቦ ግን የአንዱ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ሁሉንም ይፋ ማድረግ ለሌባ መንገድ ማሳየት አይሆንም?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል። የባለቤቱን ቤት፣ ዕቃ ቤቱ የሚገኝበትን ክፍልና የጥበቃውን ሁኔታ አይጻፉ፤ ዋጋም አይገምቱ። በስልክ የተነሣ ፎቶ ቦታውን በውስጡ ሊይዝ እንደሚችልም ያስቡ፤ በቴሌግራም በፋይል መልክ ሲላክ ይህ መረጃ አብሮ ስለሚሄድ፣ የስልኩን የቦታ ጠቋሚ (ሎኬሽን) አጥፍቶ ማንሣቱ ይሻላል። «እንግዛህ» የሚል መልእክት ከደረሰ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት የተከለከለ ስለሆነ ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱ ያሳውቁ።

ጥያቄ፦ የዓለም አቀፉ የሙዚየሞች ምክር ቤት አባል መሆን ይጠቅማል?

መልስ፦ ኢኮም እ.ኤ.አ. በ1946 የተመሠረተ ሲሆን የመረጃ አያያዝና የእንክብካቤ ኮሚቴዎች አሉት። አባልነቱ ክፍያ አለው፤ ከጽሑፎቹ ብዙዎቹ ግን አባል ላልሆነም ክፍት ስለሆኑ፣ እነሱን ሳያነብቡ መክፈል የሚቸኩልበት ነገር አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ ሁልጊዜ ተቀባዮች ነን። እኛስ የምንሰጠው ምን አለን?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ የላከው መምህር ልቤን ነክቶታል። በውጭ ሙዚየሞች የመረጃ ቋት ውስጥ ከኢትዮጵያ የሄዱ ብዙ ዕቃዎች ስምና አገር ብቻ ተጽፎላቸው ይገኛሉ፤ ማን እንደ ሠራቸው፣ ማን እንደሚቀመጥባቸውና በየትኛው ሥርዓት እንደሚወጡ አይታወቅም። እዚህ ጅሬን፣ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የነገሡት ዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ባለበት አካባቢ፣ የአንድ በርጩማ ቅርጽ ለማን እንደሚገባ የሚናገሩ አዛውንት ይገኛሉ። የሚሉትን በአፋን ኦሮሞ እንደ ተናገሩት ቀድቶ፣ ፈቃዳቸውን ተቀብሎ፣ ከአማርኛ ትርጉም ጋር መዝግቦ መላክ ለውጭው ባለሙያ ከማንኛውም መሣሪያ ይልቅ ዋጋ አለው። አንድ ነገር ግን ልጨምር፦ ስማቸው እንዲጠቀስ ወይም እንዲቀር የሚወስኑት እሳቸው ናቸው።

ጥያቄ፦ የትኛውን ሶፍትዌር እንጠቀም?

መልስ፦ በኤክሴል ይጀምሩ። «ኮሌክቲቭ አክሰስ» በነጻ የሚገኝ ጥሩ ሥርዓት ቢሆንም የሚያስተዳድረው ሰው ይፈልጋል። ዋናው ነገር የመለያ ቁጥሩ በዕቃው፣ በመዝገቡና በፎቶው ላይ አንድ መሆኑ ነው፤ የመዝገቡንም ቅጂ ሌላ ሕንጻ ውስጥ ያስቀምጡ።

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለሆነ ለመጠየቅ አፍራለሁ።

መልስ፦ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ይጻፉ። የመተርጎሚያ መሣሪያ ቢጠቀሙም የእንጨቱን ስም በራሳችን አጠራር ይተዉት፤ የዛፉን ቅጠል ፎቶም ያያይዙ።