«ተካፋይ» ወይስ «አካፋይ»? በ720,720 ላይ የተነሣ ጥያቄ

ጥያቄ፦ ምሥራቅ ጎጃም፣ ቢቸና አካባቢ ሒሳብ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼን «720,720 ስንት ተካፋይ አለው?» ብዬ ስጠይቅ የሥራ ባልደረባዬ ሰምቶ «አካፋይ ነው የሚባለው» አለኝ። ማናችን ነን ልክ? ደግሞስ «በ7 ይካፈላል» ነው ወይስ «ለ7 ይካፈላል»?

መልስ፦ ባልደረባዎ ልክ ናቸው። መምታታቱ ግን ከራሱ ከአማርኛው የመጣ ነው፤ «ተካፈለ» ሁለት ሥራ ይሠራልና። ሰባት ወንድማማቾች ከአውድማ የገባውን ጤፍ ሲወስዱ «ጤፉን ተካፈሉ» እንላለን፤ ተካፋዮቹ ሰዎቹ ናቸው። በሒሳብ ግን «ጤፉ ለሰባት ተካፈለ» ነው፤ ተካፋዩ ጤፉ ይሆናል፣ ሰባቱ ደግሞ አካፋይ። ልጅ ቤቱ የሰማውን ይዞ ክፍል ገብቶ ሁለቱን ቢያገላብጥ አይፈረድበትም። አንድ መስመር በቃል ያስይዟቸው፦ ተካፋይ 720,720፣ አካፋይ 7፣ ድርሻ 102,960፣ ቀሪ የለም።

መስተዋድዱ «ለ» ይሁን። እህል የሚሰፈረው ለሰው ነው፤ ስለዚህ «ሲካፈል ለ»። «በ» የማባዛት ነው፤ «ሲባዛ በ»። ሁለቱን የሚቀላቅል ተማሪ የቃል ጥያቄ ላይ ማካፈል ያለበትን ያባዛል።

የመረጡት ቁጥር ደግሞ ለማስተማር የታደለ ነው። ጮክ ብለው ያንብቡት፦ ሰባት መቶ ሃያ ሺህ ሰባት መቶ ሃያ። ጆሮ ሰባት መቶ ሃያን ሁለት ጊዜ ይሰማል፣ አንዴ ከነሺው፣ አንዴ ብቻውን። 720 ሲባዛ በ1,001 ማለት ነው፤ 1,001 ደግሞ የ7፣ የ11 እና የ13 ብዜት ነው። እንዲህ ተደግሞ የሚነበብ ባለ ስድስት አኀዝ ቁጥር ሁሉ፣ 345,345ም ቢሆን፣ ለሦስቱም ያለቀሪ ይካፈላል። በግእዝ አኀዝ ሲጻፍ ግን ፸፪፼፯፻፳ ነው፦ 72 እልፍ፣ 7 መቶ፣ 20። አጻጻፉ ከቀኝ ሁለት ሁለት አኀዝ እየቆረጠ ስለሚሄድ ድግግሞሹ ከዓይን ይሰወራል።

አካፋዮቹን ለመቁጠር ቁጥሩን ወደ ብቸኛ ቁጥሮች (ለ1 እና ለራሳቸው ብቻ ያለቀሪ ወደሚካፈሉት) ይበትኑት፦ 2 አራት ጊዜ፣ 3 ሁለት ጊዜ፣ 5፣ 7፣ 11 እና 13 አንድ አንድ ጊዜ። በየብዛታቸው ላይ 1 ጨምረው ያባዙ፦ 5 × 3 × 2 × 2 × 2 × 2 = 240። ተማሪ የሚረሳው ያንን 1 ነው፤ 4 × 2 አባዝቶ 8 ብሎ ይቆማል። ምክንያቱን ያሳዩት፦ ከአራቱ 2ዎች አንድም አለመውሰድ ራሱ አንድ ምርጫ ነው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት መውሰድ ሲታከልበት ምርጫው አምስት ይሆናል።

ከ1 እስከ 16 ላሉት ቁጥሮች ሁሉ ያለቀሪ ከሚካፈሉት ትንሹ ይኸው 720,720 ነው፤ ለ17 ሲካፈል ግን 5 ይተርፋል። «ሲሶ» እና «እርቦ»ን ልጆቹ ከቤታቸው የሚያውቋቸው ከሆነ በ«አንድ ሦስተኛ» እና በ«አንድ አራተኛ» ብቻ አይተኩባቸው። የዚህ ቁጥር ሲሶው 240,240፣ እርቦው 180,180 ነው፤ ሁለቱም ሲነበቡ እንደ እናታቸው ተደግመው ይሰማሉ።