እናትሽን በጤና መድህን ለምታሳክሚው እህቴ

«እናቴ የሐሞት ጠጠር ቀዶ ሕክምና ታዞላታል፣ መድህን አላት፣ ሆስፒታሉ ግን መድኃኒቱን ከውጭ ግዙ ይላል፤ ቀጠሮውም ሩቅ ስለሆነ በክፍያ የሚታከሙበት ፕራይቬት ዊንግ ላስገባት ወይ?» ላልሽው፣ አትቸኩይ። እኔ አባቴን የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና በዚሁ መድህን አሳክሜዋለሁ።

1. ሪፈሩ ከጤና ጣቢያ መጀመር አለበት። ይህን ታውቂዋለሽ፣ ልለፈው።

2. ዋናው ይሄ ነው። ፋርማሲው «የለም» ሲልሽ ዝም ብለሽ አትውጪ፤ ማዘዣው ላይ «የለም» ብለው ማህተም ይምቱበት። እኛን መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ «ሰልፉን አታይም እንዴ?» ብላ ማዘዣውን ወረወረችልን። አባቴ ካቴተር (የሽንት ማውጫ ቱቦ) ገብቶለት፣ የሽንት ከረጢቱን በፌስታል ሸፍኖ ቆሟል። ማህተሙ ሳይመታ ንቅንቅ አልልም አልኩ። ኃላፊው መጥቶ መታልኝ። ኋላ ገንዘባችንን ያስመለሰልን እሱ ማህተም ነው።

3. ደረሰኝ። መድኃኒቱን ከውጭ ገዝቼ፣ ደረሰኙን ይዤ ገንዘቤን ላስመልስ የወረዳው መድህን ቢሮ ጋ ስሄድ «የታካሚው ስም የለበትም» አሉኝ። አስጽፌ ስመለስ «ፈራሚው ስብሰባ ላይ ነው»። መዋጮ ሲሰበስቡ እኮ ቤት ድረስ ነው የሚመጡት! አልለቀቅኳቸውም፣ የመድኃኒቱን ሙሉ ከፈሉኝ። አንቺም እንዳትለቂያቸው።

ፕራይቬት ዊንግ ያልሽው ያው ሆስፒታል፣ ያው ሐኪም ነው፤ ከሥራ ሰዓት ውጭ በገንዘብ ይሠራል፣ መድህን አይሸፍነውም። ሐኪሞቹን አልወቅስም፤ በግንቦት 2017 ደሞዛችን ለኑሮ አልበቃም ብለው ሥራ እስከ ማቆም የደረሱ ሰዎች ናቸው። እኔን የሚያንገበግበኝ ሆስፒታሉ በቂ በጀት ሳያገኝ ገቢህን ራስህ ፈልግ ሲባል፣ የከፋዩ ተራ እየቀረበ የእኛ መራቁ ነው። መድህኑ በ2003 በ13 ወረዳዎች ሲሞከር፣ ሰው ለመታከም ብሎ ጥሪቱን እንዳይሸጥ ነበር የታሰበው። ዛሬ መዋጮውንም ከኪሳችንም እየከፈልን ነው።

አዲስ አበባ ከሆንሽ የጎደለውን መድኃኒት መጀመሪያ የከተማው አስተዳደር መድኃኒት ቤት የሆነውን ከነማን ጠይቂ። ከዚያ የሆስፒታሉ ላይዘን ክፍል (ሪፈርና ቀጠሮ የሚያስተናግደው) ሄደሽ የእናትሽ ስም የቀዶ ሕክምና ተራ መዝገብ ላይ መስፈሩን በዓይንሽ እይ፣ የማይዘጋ ስልክም አስመዝግቢ። ቀጠሮ የቀረ ሰው ሲኖር ይደውላሉ፤ እኛንም የጠሩን እንደዚያ ነው። ትኩሳት ከመጣባት ወይም ዓይኗ ቢጫ ከሆነ ግን ተራ አትጠብቂ፣ ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት።