መልስ፦ አዲስ አስተናጋጆችን ከምን ላስጀምራቸው?

እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ! ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ለምትከፍተው ካፌ የቀጠርካቸውን ልጆች ከምን ላስጀምር ላልከው፣ ከማሽኑ በፊት ሰላምታውን አስተምራቸው። ድሬ ላይ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይሰማል፤ በሦስቱም ሰላም ማለትና ዋጋ መናገር ይልመዱ። ደንበኛው እንደተቀመጠ ሳይጠየቁ ቀዝቃዛ ውሃ ያቅርቡ፤ በዚያ ሙቀት ይህን የሚያህል አቀባበል የለም። ትዕዛዙን ደግመው ያረጋግጡ፦ «ማኪያቶ ጠቆር ያለ፣ ስኳር ለብቻ፣ አይደል?» ሲኒውን በጆሮው እንጂ በአፉ በኩል እንዳይዙ አጥብቀህ ንገራቸው።

ወተቱ ላይ ጊዜ ስጣቸው። በእንፋሎት ሲሞቅ ከ70 ዲግሪ ካለፈ ጣፋጭነቱ ጠፍቶ የተቃጠለ ጣዕም ያመጣል፤ የተረፈውንም መልሶ ማሞቅ የለም። ደግሞ እባክህ፣ ደንበኛ ፊት አትቆጣቸው፤ ሒሳብ ቢሳሳቱ እንኳ ማታ ለብቻቸው አስረዳቸው።