ፎቶ አንሺ፣ ተነሺ፣ ተመልካች፦ ከጣና ዳር የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ባሕር ዳር ውስጥ በፎቶ ቤት ሥራ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ስለ ሰው ፎቶ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ባልሁት መሠረት የመጡትን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እናቴን ነጠላዋን አጣፍታ ሐይቁ ዳር አነሣኋት። ነጠላው አምሮ ወጣ፣ ፊቷ ግን ጠቆረ። ችግሩ የካሜራዬ ይሆን?

መልስ፦ ካሜራህ ደኅና ነው። ብርሃን የሚለካው ክፍል የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ይሞክራል። ከካሜራው ፊት ያለው ነጭ ነጠላና የሚያብረቀርቅ ውሃ ብቻ ከሆነ ብርሃኑ በዝቷል ብሎ ይቀንሳል፤ ጉዳቱም እናትህ ፊት ላይ ያርፋል። ስለዚህ ብርሃኑን ከጉንጯ ላይ ለካ። በስልክ ከሆነ ጣትህን ፊቷ ላይ አሳርፍና ብርሃኑን ጥቂት ከፍ አድርግ። ከዚህ የሚሻለው ግን ውሃውን ከጀርባዋ ማንሳት ነው። ዛፍ ጥላ ሥር አቁማት፣ ፊቷን ወደ ሐይቁ አዙራት። ጣና ራሱ ብርሃኑን መልሶ ይሰጣታል።

ይህን ስል አንድ ነገር ሁልጊዜ ይከነክነኛል። በፊልም ዘመን ፊልም አምራቹ ኮዳክ ቀለም እንዲያስተካክሉበት ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ይልከው የነበረው ካርድ ለረጅም ጊዜ የነጭ ሴት ፎቶ ነበር። የእኛ ሰው ፊት በፎቶ ላይ ሲጠቁርና ዝርዝሩ ሲጠፋ ኖሮ «ፎቶ አይወጣልኝም» ያሉ ስንት እናቶች እንደነበሩ አስቡት። የእናትህን ፊት አስተካክለህ ማውጣት የአንተ ድርሻ ነው።

ጥያቄ፦ ለባሕር ዳር የሚሻለው ሰዓት የትኛው ነው?

መልስ፦ ጠዋት እስከ 2፡30፣ ከሰዓት በኋላ ከ11 ሰዓት ወዲህ። በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ ቀትር ላይ ፀሐይ ልክ አናታችን ላይ ትቆማለች፤ ዓይን ሁሉ ጉድጓድ ይሆናል። ነሐሴ ላይ ደመናው ያግዘናል፤ ሚያዝያ ላይ ግን ቤት ውስጥ መስኮት አጠገብ ሥሩ።

ጥያቄ፦ ባለ 85 ሚሊ ሜትር ሌንስ ካልገዛሁ የሰው ፎቶ አያምርም ይሉኛል።

መልስ፦ ያምራል። ፊትን የሚያዛባው የቆምህበት ርቀት ነው። ስልክ ይዘህ አፍንጫው ሥር ከተጠጋህ አፍንጫው ይተልቃል፣ ጆሮው ይሸሻል። ሁለት ሜትር ያህል ራቅና በዙም አቅርበህ አንሣ። ባለ 85ቱ የሚወደደው ከዚያ ርቀት ፊትን ሞልቶ ስለሚያሳይ ነው፤ ባለ 50 ካለህ ገንዘብህን አስቀምጥ።

ጥያቄ፦ ተነሺው ካሜራውን ይመልከት ወይስ ዞር ይበል?

መልስ፦ ዘጌ ተሻገሩና የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ግድግዳ እዩ። በጥንቱ የሥዕል ሥርዓታችን ጻድቅ ሁለት ዓይኑ እየታየ ፊት ለፊት ይሣላል፤ ክፉው ግን በጎን በአንድ ዓይን። ሠዓሊው ሲሥል ነገ ከሥዕሉ ፊት የሚቆመውን ምእመን እያሰበ ነው፤ ቅዱሱ ያየዋል፣ እርሱም ይታያል። ከዚያ ግድግዳ ሥር ቆሜ ከተማርሁ ወዲህ ተነሺዬ ቢያንስ አንድ ጊዜ በቀጥታ እንዲያየኝ እጠይቃለሁ። ዞር ያለ ፊት ክፉ ነው ማለቴ አይደለም፤ ሐሳብ የያዘው ሰው ዞር ይላል፣ ያም እውነት ነው። (ገዳም ውስጥ ሳታስፈቅዱ ካሜራ አታውጡ፤ ፍላሽ ደግሞ ፈጽሞ።)

ጥያቄ፦ ደንገል የሚያስሩ ታንኳ ሠሪዎችን ከሩቅ ሳነሣ የሰረቅሁ ያህል ይሰማኛል። ልክ ነኝ?

መልስ፦ ልክ ነሽ፣ እህቴ። እኔም አድርጌዋለሁ። አንድ ማለዳ ዳር ላይ ደንገል የሚያስሩ አባት አየሁና በረጅም ሌንስ ሦስት ጊዜ አነሣኋቸው። ቀና ብለው አዩኝ። «ቆይ፣ ልጄ» አሉና እጃቸውን በሐይቁ ውሃ ታጠቡ፤ ጋቢያቸውን አራገፉ፤ ከዚያ ያሰሩትን የታንኳ አፍንጫ እንደ ሕፃን ታቅፈው ተቀመጡ። «በል አሁን።» በሦስቱ ፎቶዎች ውስጥ ያለው ጎንበስ ያለ ችግረኛ ሽማግሌ ነው። በአራተኛው ውስጥ ያለው ባለሙያ ነው። ሰውየው ያው አንድ ሰው ናቸው።

በቋንቋችን «ፎቶ ተነሣሁ» እንላለን፤ የተነሣው ሰው ራሱ የግሡ ባለቤት ነው። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ተነሺ የምለውን ሰው በዚህ መንገድ ነው የማስበው፦ እንዴት መታየት እንደሚፈልግ የሚያውቅ ሰው።

ሕጉም ከጎኑ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። የሚቀጥለው አንቀጽ በአደባባይ የተደረጉ ሥነ ሥርዓቶችን የመሳሰሉትን ለይቶ ይፈቅዳል፤ ስለዚህ የጥምቀትን ሕዝብ ማንሣት ሌላ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ገንዘብ መክፈልስ?

መልስ፦ ፎቶውን የምትሸጠው ከሆነ አስቀድመህ ተስማማና ክፈል። የማትሸጠው ከሆነ አሳጥበህ አምጣለት። ስሙን ደግሞ ጠይቅ። አሜሪካዊቷ ፎቶ አንሺ ዶሮቲያ ላንግ በ1936 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ልጆቿን ይዛ የተቀመጠች እናት አነሣች፤ ስሟን ግን አልጠየቀቻትም። ፎቶው በዓለም ሲዞር ሴትዮዋ ፍሎረንስ ኦወንስ ቶምፕሰን መሆኗ የታወቀው በ1978 ነው። ስንቱ ተመልካች አዝኖላታል፤ ለአርባ ዓመት ያህል ግን በስሟ የሚጠራት አልነበረም።

ጥያቄ፦ ጉርድ ፎቶም እንደ ሰው ፎቶ ይቆጠራል? የፎቶ ቤት ሥራ አሰልችቶኛል።

መልስ፦ ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው ጉርድ ፎቶ ነው። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ወደ እኛ የሚመጣው በእርሱ ነው። ከመታወቂያ ላይ የተላጠ፣ ማዕዘኑ ላይ ማኅተም ያረፈበት ጉርድ ፎቶ ይዘው «ለለቅሶ አሳድግልን» ይላሉ። ያ ሰው የተነሣው ለመሥሪያ ቤት ፋይል ነበር፤ አሁን ድንኳን ውስጥ ልጆቹ እያዩት ያለቅሳሉ። እኔም ማኅተሙን ከግንባሩ ላይ ለማጥፋት ሌሊቱን ሁሉ ስሠራ አድሬ አውቃለሁ።

ስለዚህ ጉርድ ሊነሣ የመጣን ሰው የታዘዝሁትን ካነሣሁ በኋላ ትንሽ አቆየዋለሁ። ስለ ልጆቹ እጠይቀዋለሁ፤ ትከሻው ሲወርድ፣ ፊቱ ሲፈታ አንድ ጊዜ እጨምራለሁ። ፈቃዱን ጠይቄ፣ አላስከፍለውም። በስሙና በዓመቱ ለይቼ አስቀምጠዋለሁ። እስካሁን ሰባት ቤተሰብ መጥቶ ወስዷል።