አርኪዮሎጂ መማር ከፈለግህ ሰውየውን ፈልግ

ደሴ ላይ ታሪክ የምታጠና የሁለተኛ ዓመት ተማሪ መሆንህን ገልጸህ፣ «የታዋቂው አርኪዮሎጂስት የዴዝሞንድ ክላርክ ተማሪዎች አሜሪካ እንዳለው በርክሊ ዩኒቨርሲቲ ያለ ትምህርት ቤት ገብተው ነው የወጡት፤ እኔስ ዕድል አለኝ?» ብለሃል። አለህ። ታሪክ ማጥናትህም አያሰናክልህም። ዶ/ር ዮሐንስ ኃይለሥላሴ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በታሪክ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይዘው፣ ቅርስ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ሠርተው ነው በርክሊ ዶክትሬታቸውን እ.ኤ.አ. በ2001 ያገኙት።

በርክሊን በርክሊ ያደረገው ሕንፃው አይደለም። ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1961 በዛሬዋ ዛምቢያ ካለው ሊቪንግስተን ሙዚየም ወደዚያ ሄዱ፤ ሌሎች ተመራማሪዎች፣ ግሊን አይዛክና ክላርክ ሀውል፣ ተከተሉ። የድንጋይ መሣሪያ የሚያጠናው፣ አጥንት የሚለየው ሁሉ አንድ ላይ ሆነ። ይህ አሠራር ከሰው ጋር ተጓዘ፤ ዶ/ር ስለሺ ሰማው የተማሩት ሌላው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሩትገርስ ነው፣ ግን አማካሪያቸው ጃክ ሃሪስ በርክሊ ያፈራቻቸው ናቸው። አፋር ውስጥ ጎና ላይ የተገኙትን የ2.6 ሚሊዮን ዓመት የድንጋይ መሣሪያዎች ለዓለም ያስተዋወቁት የዚህ ሐረግ ሰው የሆኑት ዶ/ር ስለሺ ናቸው።

ስለዚህ የዩኒቨርሲቲ ደረጃ ከማሳደድ አማካሪ ምረጥ። ያለፉትን 5 ዓመታት ጽሑፎቹን አንብብ፤ ተማሪዎቹ በስማቸው ቀዳሚ ሆነው ያሳተሙት አለ? ኢትዮጵያ ውስጥ የመስክ ሥራ አለው? ያስመረቃቸው ዛሬ የት ናቸው? ከዚያ አጭር ኢሜይል ጻፍለት፦ የትኛውን ጽሑፉን እንዳነበብክ፣ የትኛው ጥያቄ እንደቀረህ፣ ምን መሥራት እንደምትችል። አንዱን ደብዳቤ ለ20 ሰው መላክ ወዲያው ስለሚታወቅ መልስ አያስገኝም።

«ምን መሥራት እችላለሁ» የሚለውን ግን አሁን መገንባት አለብህ። ከድንጋይ፣ ከአጥንት፣ ከገል አንዱን ያዝ፤ የጂኦሎጂ ኮርስም ጨምር። ባልጩት ላይ የተመታበትን ቦታና ከሥሩ ያለውን እብጠት ለይተህ በእርሳስ መሣል ተለማመድ፤ ፎቶ የማያሳየውን እጅህ ያስተምርሃል። ቁፋሮ ላይ በብዙ ቦታ 1 ሜትር በ1 ሜትር ካሬ ተከፍሎ፣ 5 ወይም 10 ሴንቲ ሜትር እየወረደ ነው የሚሠራው። አፈሩ በወንፊት ይነፋል፤ የወንፊቱ ዓይን ሰፊ ከሆነ ጥቃቅኑ ስብርባሪ አብሮ ይጣላል። ጀማሪ በብዛት የሚሳሳተው ከረጢቱ ላይ ነው፦ ቦታ፣ ካሬ፣ ጥልቀት፣ ቀን ውጭም ውስጥም ይጻፍ። የውጪው ቀለም ፀሐይና ላብ ያጠፋዋል፤ መነሻው የጠፋ ገል ደግሞ ስለ ዘመኑ የሚነግርህ በጣም ጥቂት ነው።

በየጋራው ያየኸውን አታንሳ፣ አትቆፍር። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቁፋሮን ይከለክላል። ባለበት ትተኸው ከመለኪያ ጋር ፎቶ አንሳ፣ የጂፒኤስ ነጥቡን መዝግብ፣ ለአካባቢው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳውቅ።

የአፋር መስኮች ከኮምቦልቻ በባቲ በሚሌ መንገድ ቅርብህ ናቸው፤ ብዙ ቡድኖች የሚወጡት ሙቀቱ በሚበርድባቸው ወራት ነው። ጥያቄህን ኅዳር ላይ ብታቀርብ ስም ዝርዝሩ ተዘግቶ ይጠብቅህ ይሆናል፤ በክረምቱ ጻፍ። ለሁለተኛ ዲግሪ ወይም ለዶክትሬት ወደ ውጭ ስታመለክት የሊኪ ፋውንዴሽንን የባልድዊን ስኮላርሺፕ ተመልከት። ይህ ድጋፍ በሰው ዘር አመጣጥ ላይ ለሚሠሩ እንደ ኢትዮጵያ ላሉ ታዳጊ አገሮች ተማሪዎች የተቋቋመ ነው።