ዋሽንግተን የፈረመባት ቃል

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ታክሲ እነዳለሁ። በቀደም የጫንኳቸው ሽማግሌ «ጆርጅ ዋሽንግተን በወጣትነቱ አንድ የፈረንሳይ መልእክተኛ ማስገደሉን በፊርማው አምኗል» አሉኝ። ስሙ በየመንገዱ የተጻፈ ሰው ስለሆነ አላመንኳቸውም። እውነት ነው እንዴ?

መልስ፦ ልጄ፣ ሽማግሌው አልዋሹህም፤ ፈርሟል። ነገሩ የተጀመረውም አንተ ከምትነዳባት ከተማ ነው።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2 ቀን 1754 ዋሽንግተን ያኔ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት የነበረችውን የቨርጂኒያን ወታደሮች ይዞ ከአሌክሳንድሪያ ወጣ። ዕድሜው 22 ነበር፤ ማዕረጉ ሌተና ኮሎኔል ይባል እንጂ ጦርነት መርቶ አያውቅም። የሚሄደው ዛሬ ፒትስበርግ ወዳለችበት ወደ ኦሃዮ ወንዝ መነሻ ነበር። ሳይደርስ ፈረንሳዮች ቀድመው ስፍራውን ያዙትና ምሽግ መሥራት ጀመሩ። አገሩ ግን የእንግሊዝም የፈረንሳይም አልነበረም፤ ነባር ሕዝቦች የሚኖሩበት ነው። ይህን አደራ እንዳትረሳ።

ሜይ 27 ማታ ታናግሪሰን የተባለው፣ ከነባሮቹ ሕዝቦች አንዱ የሆነው የሴኔካ አለቃ «ፈረንሳዮቹ ያደሩበትን ጫካ አግኝቻለሁ» ብሎ ላከበት። ዋሽንግተን 40 ያህል ሰው ይዞ በዝናብ ተነሳ። ጨለማው ዓይን ቢወጉ አይታይም፤ እርስ በርስ እየተጋጩ ሲሄዱ ሰባቱ መንገድ ስተው ቀሩ። ሊነጋ ሲል ታናግሪሰን ጋ ደረሱ፤ መከሩና ገደል ሥር የሰፈሩትን 35 ያህል ፈረንሳዮች ከበቡ።

ተኩሱ ከሩብ ሰዓት አላለፈም። ከቨርጂኒያ በኩል አንድ ሰው ሞተ፣ ከፈረንሳይ አሥር ያህል፤ 21 ተማረኩ። መሪያቸው ጁሞንቪል ከሞቱት አንዱ ነው፤ ከቆሰለ በኋላ ታናግሪሰን በመጥረቢያ ጨረሰው የሚሉ ምስክሮች አሉ። ማን ቀድሞ ተኮሰ? እንግሊዞች «አይተውን ወደ መሣሪያቸው ሮጡ» ይላሉ፤ ፈረንሳዮች «መልእክታችንን እያነበብን ሳለ ተኮሱብን» ይላሉ። ጁሞንቪል እንግሊዞች አገሩን ለቀው እንዲወጡ የሚያዝዝ ደብዳቤ መያዙ ግን እውነት ነው። ዋሽንግተን ደግሞ «መልእክተኛ ከሆነ ከመንገድ ወጥቶ ጫካ ውስጥ ምን ይሸሸጋል?» ሲል ተከራከረ። ይህ ክርክሩ ለእኔ ውኃ ያነሳል።

ባለፈው ጥቅምት ቦታውን ሄጄ አየሁት። ከዲሲ በመኪና ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ ፔንሲልቫኒያ ውስጥ። ዓለቱ ላይ ቆሜ ከታች ያለችውን የልጅ ልጄን ስጠራት፣ ድምፄን ከፍ ሳላደርግ ሰማችኝ። ያን ያህል ቅርብ ነው። ከዚያ ርቀት ሰው ከመተኮሱ በፊት አንድ ቃል ሊናገር እንደሚችል ሳስብ ልቤ ተነካ።

ፊርማው የመጣው ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። ዋሽንግተን ሜዳ ላይ ፎርት ነሴሲቲ የተባለች ትንሽ ክብ ምሽግ ሠራ። ታናግሪሰን ቦታውን ስላልወደደው ትቶት ሄደ፤ ኋላም ወጣቱ ደግ ሰው ቢሆንም ልምድ የለውም ብሎ ተናግሯል። ጁላይ 3 የጁሞንቪል ወንድም ሉዊ ደ ቪሊየ 600 ያህል ፈረንሳዮችና 100 ያህል ነባር ተወላጆች ይዞ መጣ። ቀኑን ሙሉ ዘነበ፤ ጉድጓዱ ውኃ ሞላ፣ ባሩዱ ራሰ፣ ከዋሽንግተን በኩል 30 ያህል ሰው ሞተ።

ማታ በፈረንሳይኛ የተጻፈ የእጅ መስጫ ውል መጣላቸው። ዋሽንግተን ፈረንሳይኛ አያውቅም። ያነበበለት ያኮብ ቫን ብራም የተባለ ሆላንዳዊ መኮንን ነው፤ እንግሊዝኛውም ፈረንሳይኛውም ለእሱ የሰው ቋንቋ ናቸው። ወረቀቱ ርሶ፣ ሻማው በዝናቡ እየጠፋ፣ ስለ ጁሞንቪል የተጻፈችውን «አሳሲና» የምትለዋን ቃል «ሞት» ብሎ ተረጎማት። ቃሏ ግን ነፍስ ግድያ ማለት ነች። ዋሽንግተን ፈረመ፤ ፈረንሳይም ወረቀቱን ለዓለም አሳየች።

እኛ ይህን ስንሰማ ወዲያው የውጫሌ ውል ትዝ ይለናል፤ ተማሪዎቼም ሁልጊዜ ያነሱት ነበር። ልዩነቱን ግን ልብ በል። በ1881 ዓ.ም. ምኒልክ ያተሙበት የአማርኛው ውል «ይቻላቸዋል» ይላል፤ ስለዚህ ሲከራከሩ ያን ጽሑፍ አንስተው ነው። ዋሽንግተን በራሱ ቋንቋ የተጻፈ ምንም አልነበረውም። «ቃሉን ብናውቅ አንፈርምም ነበር» ቢልም፣ ማስረጃው የጆሮው ብቻ ነው።

ጥፋቱን ሁሉ በቫን ብራም ላይ የጫኑት ሰዎች ያሳዝኑኛል። ውሉ ሁለት መኮንኖች መያዣ ሆነው እንዲቀሩ ያዝዝ ነበርና፣ በማግሥቱ ዋሽንግተንና ሰዎቹ ወደ ቨርጂኒያ ሲመለሱ፣ ከሁለቱ አንዱ ሆኖ ከፈረንሳዮች ጋር የቀረው እሱ ነው።