ጸጥ ያለ መርከብ የምትፈልጉ፣ ተራ በተራ

ስለ መርከብ ሽርሽር የሚመጡት ጥያቄዎች ተከማችተዋል። የአብዛኞቻችሁ ጉዳይ አንድ ነው፤ ማረፍ ትፈልጋላችሁ፣ የልጅ ጩኸትና የዲጄ ጭፈራ አትፈልጉም። ረጃጅሞቹን ደብዳቤዎች አሳጥሬአለሁ። የአንዳንዶቻችሁን ቁጣም ትቼዋለሁ።

ሜሪላንድ የምንኖር ባልና ሚስት ነን። ልጆቻችን ኮሌጅ ገቡ። ለዓመታት በሁለት ሁለት ሥራ ስንሮጥ ኖረን፣ አሁን ጥቂት ቀን ባሕር ላይ መተኛት አማረን። አርብ ከማያሚ የሚነሳ የ3 ሌሊት ጉዞ በጣም በርካሽ አግኝተናል። ማስታወቂያው ላይ መጽሐፍ የምታነብ ሴት አለች። እንክፈል?

ኧረ አትክፈሉ። ሴትዮዋንም እርሷት፤ የማትገኝበት የመርከብ ማስታወቂያ የለም።

አርብ ተነስቶ ሰኞ ጠዋት የሚመለስ ጉዞ ላይ ማን ይሳፈራል? ብዙ የእረፍት ቀን የሌለው ወጣት፣ ሊያገባ ያለ ጓደኛውን አጅቦ የመጣ የሚዜ መዓት፣ ልደት የሚያከብር ቡድን። ያላቸው ሦስት ሌሊት ነው፤ ሦስቱንም አይተኙም። የመጠጥ ፓኬጁ ሒሳቡ በቀን ነው፤ ገንዘቡን ለማስመለስ ከረፋዱ ጀምሮ ያስቀዳሉ። የመርከብ ድርጅቱም ይህን ያውቃል። የቲኬቱን ዋጋ የሚጥለው ቡና ቤቱና ካዚኖው እንደሚመልሱለት ስለሚያውቅ ነው። እናንተ ተኝታችሁ ልትመለሱ ነው፤ ቢሆንም በየቀኑ ለሠራተኞቹ በነፍስ ወከፍ የሚቆረጠው ቲፕና የወደብ ቀረጡ አይቀርላችሁም። ርካሹ ዋጋ ሲደመር ርካሽ ላይሆን ይችላል።

ጉዞው 10 ሌሊትና ከዚያ በላይ ሲሆን ሰዉ ይለወጣል። ተማሪ ልጅ ያለው ቤተሰብ በትምህርት ወቅት ያን ያህል ቀን ከቤት አይርቅም፤ ወጣቱም ፈቃድ አያገኝም። የሚቀረው ጡረተኛና እንደናንተ የደከመው ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ኮሪደሩ ጭር ይላል።

ቀጥሎ ወሩን እዩ። የአሜሪካንን የትምህርት ቤት ካላንደር ከፊታችሁ አስቀምጡ። ማርች ስፕሪንግ ብሬክ፣ የተማሪዎች የፀደይ እረፍት፣ ስለሆነ ፍሎሪዳ ወደብ አካባቢ ዝር አትበሉ። ከጁን አጋማሽ እስከ ኦገስት የልጆች ነው፤ በኖቬምበር መጨረሻ ያለው ታንክስጊቪንግና የፈረንጆቹ ገናም እንደዚያው። የሚተርፋችሁ በሴፕቴምበር መጀመሪያ ከሚውለው ከሌበር ዴይ በኋላ ያለው ጊዜ፣ በታንክስጊቪንግና በገና መካከል ያሉት ሳምንታት፣ ከዚያም የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ካለፈ በኋላ ያለው ጃንዋሪ ነው። እንቁጣጣሻችን ጥሩ ቦታ ላይ ይውላል ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ ሴፕቴምበር ካሪቢያን ላይ አውሎ ነፋስ የሚበረታበት ወር ነው። መርከቧ ነፋሱን ሸሽታ መንገድ ትቀይራለች፤ ባሃማስ ብላችሁ ተሳፍራችሁ ሜክሲኮ ልትወርዱ ትችላላችሁ። ለመተኛት የሄደ ሰው ምን ቸገረው? የጉዞ ኢንሹራንስ ግን ግዙ።

ደግሞስ ሜሪላንድ ተቀምጣችሁ ማያሚ ድረስ መብረር ለምን አስፈለገ? ባልቲሞር አለላችሁ። በመጸው ወደ ኒው ኢንግላንድና ካናዳ የሚሄዱት ጉዞዎች የሚሞሉት የቅጠሉን ቀለም ለማየት በሚመጡ ትልልቅ ሰዎች ነው። አየሩ ስለሚበርድ መዋኛው ዳር ጭፈራ ብሎ ነገር የለም።

እኔን ካላችሁ ግን ሌላ ነገር እመርጥላችኋለሁ። የፈረንጆቹን ክረምት ካሪቢያን የከረሙ መርከቦች አፕሪልና ሜይ ላይ አትላንቲክን አቋርጠው ወደ አውሮፓ ይሄዳሉ፤ ኦክቶበርና ኖቬምበር ላይ ይመለሳሉ። ሁለት ሳምንት ገደማ ነው። ከዚያ ውስጥ ስድስት ሰባት ቀን በተከታታይ ውኃ ብቻ ነው፤ የሚወረድበት የለም፣ የሚገዛ የለም፣ «ቶሎ በል አውቶቡሱ ሊሄድ ነው» የሚል የለም። ለሌላው ሰው ይህ አሰልቺ ነው፤ ለዚህም ነው የሌሊቱ ዋጋ ብዙ ጊዜ ዝቅ የሚለው። የአንድ መንገድ የአውሮፕላን ትኬትና የአውሮፓ ቪዛችሁን ጉዳይ አስቀድማችሁ ጨርሱ። እዚያ ላይ ካልተኛችሁ የትም አትተኙም።

ጭራሽ ልጅ የማያሳፍሩት የትኞቹ ናቸው?

ቫይኪንግ ከ18 ዓመት በታች አይቀበልም፤ ካዚኖም የለውም፤ የባሕር መርከቦቹም ከ1,000 ያነሰ ሰው ነው የሚይዙት። ዋጋው ግን ሆድ ይቆርጣል። እንግሊዝ ያላችሁ ደግሞ የፒ ኤንድ ኦ ድርጅት መርከቦችን አርኬዲያንና ኦሮራን እዩ፤ ሁለቱም የአዋቂ ናቸው። 50 ዓመት ለሞላው ሳጋ አለ። ቨርጂንም ከ18 በታች አያሳፍርም። እሱ ጋ ስትደርሱ ቆም በሉ፤ ልጅ የለም ማለት ጸጥታ አለ ማለት አይደለም። ልጆቹን ቤት ትቶ ለመጨፈር የመጣው ሁሉ እዚያ ነው።

ኪስ ካልፈቀደ ሆላንድ አሜሪካን ተመልከቱ። ልጅ አይከለክልም፤ ረዘም ያለ ጉዞ ከትምህርት ወቅት ጋር ካገጣጠማችሁ ግን ልጅ ብርቅ ነው። ዛንዳም የምትባለዋ ትንሿ መርከባቸው 1,400 ያህል ሰው ነው የምትይዘው።

«አይከን ኦቭ ዘ ሲስ» ጸጥ ያለች ናት?

ስትሞላ 7,600 ሰው ታሳፍራለች። መልሱን ራስዎ ይድረሱበት።

አሜሪካ አሳይለም (ጥገኝነት) ጠይቄ ቃለ መጠይቅ እየጠበቅኩ ነው። የሥራ ፈቃድ አለኝ። ጓደኞቼ ለልደቴ ወደ ባሃማስ ክሩዝ ሊወስዱኝ ነው። አንዱ «በመርከብ ስለሆነ ከአገር እንደወጣህ አይቆጠርም፤ ተመልሰህ የምትወርደው እዚያው ማያሚ ነው» አለኝ። የትኛው መርከብ ይሻለኛል?

ወንድሜ፣ የትኛውም። ባሃማስ ሌላ አገር ነው። መርከቧ ማያሚ ስትመለስ ልክ እንደ አውሮፕላን ማረፊያው የኢሚግሬሽን ፍተሻ አለ። ኬዝህ ሳይወሰን፣ አድቫንስ ፓሮል የሚባለውን፣ ወጥቶ ለመመለስ አስቀድሞ የሚሰጠውን ፈቃድ ሳትይዝ ከአሜሪካ ከወጣህ ጥያቄህን እንደተውከው ይቆጠራል። የያዝከው የሥራ ፈቃድ ካርድ ለመሥራት ነው፤ ለመመለስ አይሆንህም። ፓሮሉ ቢኖርህም መግባትህ ዋስትና የለውም።

ይህን የጻፍኩት እንድትፈራ ነው። ከዚህ በኋላ ግን እኔንም አትስማ፤ ጠበቃ ጋ ሂድ። ጓደኛህ ጠበቃ አይደለም። ቲክቶክም፣ የዕድር ሰብሳቢውም ጠበቃ አይደሉም። መክፈል ካልቻልክ የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤቶች አስተዳደር በነፃ የሚረዱ የሕግ ድርጅቶችንና ጠበቆችን ዝርዝር ያወጣል፤ ከዚያ ጀምር። ጠበቃው በጽሑፍ «ሂድ» ካላለህ ልደትህን እዚሁ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ቢች አክብር።

ግሪን ካርድ ያላችሁም ወረቀታችሁን እዩ። ከሲያትል ወደ አላስካ የሚሄዱት መርከቦች ካናዳ ውስጥ ብዙ ጊዜ ቪክቶሪያ ላይ ይቆማሉ። እ.ኤ.አ. በ1886 የወጣ ሕግ ነው የሚያስቆማቸው፤ የሌላ አገር ባንዲራ ያነገበ መርከብ የውጭ ወደብ ሳይረግጥ በአሜሪካ ወደቦች መካከል ተሳፋሪ እንዳያመላልስ ይከለክላል። ካናዳ ደግሞ ከአፕሪል 2022 ወዲህ ግሪን ካርዱንም ቀኑ ያላለፈበት የአገራችሁን ፓስፖርትም ትጠይቃለች። ፓስፖርት ማሳደስ እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ አስቀድማችሁ ጀምሩ።

ጸጥታ ብዬ ከፍዬ ሄጄ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ከጣሪያዬ በላይ ጉርርር ሲል ከረመ። ምንድን ነው?

ወንበር ነው። ክፍልዎ መዋኛው ሥር ነበር። ሠራተኞቹ ወለሉን ለማጠብ ወንበሮቹን እየጎተቱ ከጥግ ጥግ ይወስዳሉ፤ አጥበው ሲጨርሱ መልሰው ይጎትታሉ። ከዚያ በፎጣ ቦታ የሚይዙት ማለዳ ተነሺዎች በተራቸው ይመጡና ይጎትታሉ።

ብዙ ሰው መርከቧን ሲመርጥ ይከርምና ክፍሉን ለዕድል ይተወዋል። የየፎቁ ካርታ ድረ ገጻቸው ላይ አለ። ከላይዎም ከታችዎም መኝታ ክፍል ያለበትን ፎቅ ይምረጡ። ከቲያትሩና ከጭፈራ ቤቱ በላይ አይሁን። ታችኛው ፎቅ ላይ ጫፍ ፊት ለፊት ከሆነ መርከቧ መልሕቅ በምትጥልበት ቦታ ሁሉ ሰንሰለቱ ሲወርድ ከአልጋ ያስነሳዎታል። በውስጥ በር ከጎረቤት ጋር የሚገናኝ ክፍል ካለ ይለፉት፤ በዚያ በር በኩል የጎረቤት ስልክ ቃል በቃል ይሰማል። ማዕበል የሚያቅለሸልሽዎ ከሆነ መሐል ላይ ዝቅ ያለውን ይያዙ። «ክፍሉን እኛ እንመርጥልዎ» ብለው ዋጋ ሲቀንሱልዎ ደግሞ የሚመርጡልዎ ማንም ያልፈለገውን ነው።

እናቴ ጿሚ ናት። መርከብ ላይ ምን ትበላለች?

ሲመዘገቡ ቬጋን ብለው ያስመዝግቡ። ቬጂቴሪያን ካሉ ቅቤና አይብ ይመጣል። የመጀመሪያው ምሽት ላይ ዋናውን አስተናጋጅ አግኝተው የነገውን ምግብ ከዛሬ ይዘዙ፤ ትልልቆቹ መርከቦች ይህን ለምደውታል። እንጀራ የለም፤ ድርቆሽ ይያዙላቸው፤ ደርቆ የታሸገ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ችግር የለውም፣ ድርጅቱን ግን ይጠይቁ። ዓሣው ይበላል አይበላም የሚለውን ከንስሐ አባታቸው ጋር ይጨርሱ፤ እኔ የለሁበትም።

የምኖረው ጅዳ ነው። መጠጥ የሌለበት መርከብ መጥቷል ይባላል። ጸጥታ አለው?

አሮያ ነው ያሉት፤ ከዲሴምበር 2024 ጀምሮ እየሠራ ያለ የሳዑዲ መርከብ ነው። መጠጥ እውነትም የለም። ሰካራም አይገጥምዎትም፤ ግን ለቤተሰብ የተሰናዳ ነው። ልጁ በሽ በሽ ነው።

ፍራንክፈርት ነኝ። ባለቤቴ ጸጥታ ትወዳለች፣ ባሕር ግን ትፈራለች።

ወንዝ ይሞክሩ። ራይን ወይም ዳኑብ። የወንዝ መርከቦች አብዛኛውን ጊዜ ከ200 ያነሰ ሰው ይይዛሉ፤ ካዚኖ የለ፣ የልጆች ክበብም በአብዛኛው የለ። ባለቤትዎ መሬቱን በግራም በቀኝም ታያለች። እንከኑን ልንገርዎት፤ ወደብ ላይ መርከቦቹ ጎን ለጎን ተጣብቀው ይቆማሉ። ጠዋት መጋረጃ ሲከፍቱ አንድ የማያውቁት ሰውዬ በፒጃማ ጥርሱን እየፋቀ ያዩዎታል። የአውሮፓ በጋ ሲገባደድ ውኃው ሊጎድል ይችላል፤ ያኔ ከፊሉን መንገድ በአውቶቡስ ይወስዷችኋል።

የ5 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። መሄድ እችላለሁ?

አብዛኞቹ ድርጅቶች ጉዞው ሳያልቅ 24ኛ ሳምንት የምትገባን ሴት አያሳፍሩም። አንቺ ልትደርሺበት ነው፤ ቀኑን ቁጠሪ። የቀረውን ሐኪምሽን ጠይቂ፤ ደብዳቤ ሊጠይቁሽም ይችላሉ።

ሦስት ልጆች አሉኝ። ስትጽፍ ልጆችን እንደ ተባይ ነው የምታያቸው። እኛስ ማረፍ አያምረንም?

እህቴ፣ ያምርሻል። ልብ በይ፣ ከላይ የዘረዘርኩት ጫጫታ አብዛኛው የአዋቂ ነው። ልጅ ቢጮህ ማታ ይተኛል። ስለዚህ ለአንቺ የምመክርሽ ለሌሎቹ ከመከርኩት ተቃራኒ ነው። ትልቅ የልጆች ክበብ ያላትን መርከብ ምረጪ፤ ዲዝኒም ቢሆን ይሁን። ልጆቹ ክበቡ ውስጥ ይውላሉ፤ ወጥተው አይመጡልሽም። የዲዝኒ መርከቦች ላይ «ኳየት ኮቭ» የሚባል ልጅ የማይገባበት መዋኛ አለ። ሮያል ካሪቢያን ብትሄጂ ሶላሪየም የሚሉት ቦታ ለ16 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው፤ ካርኒቫል ላይ ሴሬኒቲ የሚሉት ቦታ ለ21 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው፣ መግቢያም አይከፈልበትም። ቁርስ እንደተበላ ልጆቹን አስረክበሽ ቀጥ ብለሽ ወደዚያ ነው፤ ከረፈደ ጥላ ሥር ያሉት ወንበሮች ይያዛሉ።

ሱፍ ልያዝ?

አይያዙ። ደህና ሸሚዝ ይበቃል።